የነገሌ ጉድጓድ በሦስት ደቂቃ፦ ስለ አንድ የተማሪዎች ልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ

መግቢያ

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የጦር ሰፈር የነበሩ ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት መኮንኖቻቸውን ይዘው አሰሩ። ምክንያቱ ውኃ ነበር። ወታደሮቹ የሚጠቀሙበት ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ፤ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዲቀዱ ቢጠይቁም ተከለከሉ። ከዚያ ቀን አንሥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን እስከ ወረዱበት እስከ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ያሉት ስምንት ወራት ለታሪክ ጸሐፊዎቻችን የአብዮቱ ወራት ናቸው። የሥነ ጽሑፍ መምህር በመሆኔ ለእኔ እነዚሁ ወራት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይዘው ኖረዋል። ጥያቄው፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ መክፈቻ ለምን አንድ የቆመ ፓምፕ ሆነ? የሚል ነው።

በ2016 ዓ.ም.፣ አመፁ 50 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ አማካሪ ሆኜ የተመደብኩላቸው አምስት ተማሪዎች ለትምህርት ማጠናቀቂያ ሥራቸው የአንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም መክፈቻ ለመሥራት ወሰኑ። ሙሉ ፊልም አላሰቡም። ያሰቡት የመጀመሪያውን ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር የመገናኛ ብዙኃን ጥናት በሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ ይህ ዓይነቱ የመክፈቻ ሥራ የታወቀ መልመጃ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ገና አዲስ ነው። ተማሪዎቹ ታሪኩን ከነገሌ፣ ቀረጻውን ከአሬሮ አደረጉት። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው ሦስቱን ደቂቃ ለመሥራት ስንነሣ የገጠመንን ክርክር ነው። ክርክሩ በመጀመሪያ የሙያ ይመስል ነበር። ውሎ አድሮ ግን የታሪክና የእውነት ክርክር ሆኖ አገኘሁት።

1. ፎቶግራፍ የሌለው ቀን

በመጀመሪያ ስለ ክስተቱ የታወቀውን በአጭሩ ላስቀምጥ። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደቡብ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት፤ በዘመኑ አስተዳደር ነገሌም አሬሮም በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። በዚያ የሰፈረው የ4ኛ ብርጌድ ወታደር ስለ ምግቡና ስለ ውኃው ጥራት ቅሬታ ነበረው። የፓምፑ ብልሽት በዚህ ላይ ተጨመረ። ወታደሮቹ መኮንኖቻቸውን ካሠሩ በኋላ አቤቱታቸውን ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረቡ። ነገሩን አጣርተው እንዲያበርዱ የተላኩት የምድር ጦር አዛዡ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ነበሩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው፤ ራሳቸው የሚበሉትን ምግብ እንዲበሉ፣ የሚጠጡትንም ውኃ እንዲጠጡ አደረጓቸው።

ወሬው ለሕዝብ አልተነገረም። ጋዜጣም ራዲዮም አላነሣውም። ይሁንና በጦሩ የራዲዮ መገናኛ አማካይነት ወደ ሌሎች ሰፈሮች ደረሰ። በየካቲት ወር የደብረ ዘይት አየር ኃይል፣ ቀጥሎም አሥመራ የነበረው 2ኛ ክፍለ ጦር ተነሡ፤ በዚያው በየካቲት የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። ደርግ የተቋቋመው ሰኔ 21 ቀን ነው። እንግዲህ ነገሌ የዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ትዕይንት ናት ማለት ይቻላል።

ተማሪዎቹ ሥራ ሲጀምሩ መጀመሪያ የፈለጉት ምስል ነበር። የጉድጓዱን፣ የፓምፑን፣ የታሠሩትን መኮንኖች አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ለማግኘት ያላገላበጡት መጽሐፍ፣ ያልጠየቁት ሰው የለም። አላገኙም። ይህ ተስፋ ሊያስቆርጣቸው ይችል ነበር። እኔ ግን በዚያ ሳምንት አንድ ነገር አስታወስኳቸው። አብዮቱ ሲጀመር በሕዝብ ዓይን ፊት ምስል ካልነበረው፣ ሲደመደም ግን ምስል ነበረው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው አንድ ሌሊት በፊት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም አሳየ። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው የምለው፣ የተማሪዎቹ ሥራ በእነዚህ በሁለቱ መካከል የወደቀ መሆኑን ነው፤ አንደኛው ያልተቀረጸ ውኃ፣ ሁለተኛው የተቀረጸና የተቀናበረ ረሃብ።

2. ልብ ሰቀላና የፊልም መክፈቻ

«ልብ አንጠልጣይ» የምንለው የሥነ ጽሑፍ ዘር በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ በንቀት ይታያል። የትምህርት መጻሕፍታችን «ልብ ሰቀላ»ን ከግጭትና ከንግር ጋር አንድ የትልም ብልኃት አድርገው ያስቀምጡታል፤ ስለ አሠራሩ ግን ብዙም አይሉም። በእኔ እምነት ልብ ሰቀላ ዋናው የዕውቀት ድልድል ነው። ማን ምን ያውቃል? ማን ምን አያውቅም? አልፍሬድ ሂችኮክ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. በታተመው ቃለ ምልልስ ይህን በቦምብ ምሳሌ አስረድቷል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲያወሩ ከሥር ያለው ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካች የሚደነግጠው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ተመልካቹ ግን ቦምቡ መኖሩን አስቀድሞ ካወቀ፣ ተራው ወሬ ራሱ የጭንቅ ወሬ ይሆናል። ኦርሰን ዌልስ በ1958 እ.ኤ.አ. በሠራው «ተች ኦቭ ኢቭል» ፊልም መክፈቻ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አንድ ሰው ቦምብ በመኪና ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሲያስቀምጥ እናያለን፣ ከዚያም ካሜራው ሳይቋረጥ ከሦስት ደቂቃ በላይ መኪናዋን በአንዲት የጠረፍ ከተማ መንገድ ይከተላታል።

ተማሪዎቹ ይህን ፊልም ካዩ በኋላ ከነገሌ ወጥተው ሞያሌ ለመቅረጽ ፈልገው ነበር። ጠረፍ፣ ኬላ፣ መኪና፤ ሁሉም በቦታው አለ። እኔ የተቃወምኩት ሞያሌን ጠልቼ አይደለም። የዌልስን መክፈቻ ወስደን ቦታውን ብቻ እንዳንለውጥ ሠግቼ ነው። የነገሌ ታሪክ የራሱ ቦምብ አለው። ይኸውም የቆመው ፓምፕ ነው። ተመልካቹ ከዚያ ብልሽት በኋላ ምን እንደመጣ ያውቃል፤ በጉድጓዱ ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ግን አያውቁም። የታሪክ ልብ አንጠልጣይ ከሌላው የሚለየው በዚህ ይመስለኛል። ደራሲው ቦምቡን ለማስቀመጥ አይደክምም። ዘመኑ ራሱ አስቀምጦለታል።

አገራችን ይህን የመሰለ ሥራ የማታውቅ አይደለችም። የመጀመሪያዎቹን የፊልም ማሳያዎች ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ በፍርሃት ጠርቷቸው ነበር። ከዚያ ዘመን እስከ መጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ልብ ወለድ ፊልም ድረስ ብዙ ዓመት አልፏል። «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ቀርቦ ለሕዝብ ታየ፤ ጽሑፉ የኢላላ ኢብሳ፣ ዝግጅቱ የግሪካዊው የላምብሮስ ጆካሪስ ነበር። ርዕሱ ራሱ ጥያቄ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ተመልካቹ ገና ሳይገባ ልቡ ይሰቀላል። ነገሌ ባመፀችበት ዓመት ደግሞ ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን ሠራ። ፊልሙ በደም ካሣ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ገዳይ፣ ቂምና ዕርቅ የፊልማችን ጉዳይ ከሆኑ ቆይተዋል። በቅርቡ ዘመን የይድነቃቸው ሹመቴ «ስርየት» እና «ኒሻን» ይህን መንገድ ወደ ልብ አንጠልጣይ አቅርበውታል። በልብ ወለድ በኩልም የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» (1975 ዓ.ም.) እውነተኛውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛው በጸጋዬ ኃይለ ማርያም አንደበት እየተረከ የስለላ ልብ ወለድን ከታሪክ ሰነድ ጋር አጋብቷል። ደራሲው ለዚህ የከፈለው ዋጋ የታወቀ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለተማሪዎቼ አርአያ አድርጌ ያቀረብኩላቸው ግን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ኃይሌ የጸሐፌ ተውኔቱ የገሪማ ታፈረ ልጅ ነው። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሳለ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. ከጥቂት ባልደረቦች ጋር ወደ አገሩ መጥቶ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ተዋንያን፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ቀረጸው። ሥርዓቱ እየፈረሰ ነበር፤ አዲሱ ገና መልኩ አልታወቀም። ፊልሙ የሚከፍተው በጥይት ወይም በዓዋጅ አይደለም። ንጋት ነው። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ይነሣል፣ ወደ ሥራ ይሄዳል። ያ ዝግታ ልብ አንጠልጣይ ሊባል አይችልም። ነገር ግን ተመልካቹ ያ ኑሮ ባለበት መቀጠል እንደማይችል ከመጀመሪያው ይሰማዋል። ለተማሪዎቹ ያልኳቸው «መቸኮል አያስፈልግም፤ የሚመጣውን የሚያውቀው ተመልካቹ ነው» የሚል ነበር።

3. አሬሮ

ወደ አሬሮ የሄድነው በጥር ወር ነው። ቦረናዎች ዓመቱን ጋና፣ አዶሌሳ፣ ሀጋያና ቦና ብለው ይከፍሉታል። ጥር የቦና፣ የደረቁ ወቅት እምብርት ነው። አካባቢው ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ከከዳው በኋላ ገና እያገገመ ነበር። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ፤ ከፍ ሲል ደግሞ የአሬሮ የጽድ ደን። በዚህ ደን ውስጥ የሩስፖሊ ቱራኮ የተባለው ወፍ ይገኛል። ወፉን የሰበሰበው ጣሊያናዊው ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ ከየት እንዳገኘው ሳይጽፍ በ1893 እ.ኤ.አ. በዝሆን ተገደለ፤ በዚህም ምክንያት የወፉ መኖሪያ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። ይህን ለተማሪዎቹ የነገርኳቸው ምሥጢርና ልብ ሰቀላ የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ነበር። ወፉ ምሥጢር ነው፤ ማንም አያውቅም ነበር። የነገሌ ጉድጓድ ግን እኛ እናውቃለን፣ እነሱ አያውቁም።

አሬሮን የመረጥነው በጦር ሰፈር ውስጥ መቅረጽ ስላላሰብን ብቻ አይደለም። የአሬሮ ምድር የጉድጓድ ሕግ ምድር ነው። የቦረና ታላቅ ጉባኤ ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰብበት ጋዮ በዚሁ ወረዳ ነው፤ ጉባኤው ከሚያያቸው ጉዳዮች መካከል የውኃና የግጦሽ ሥርዓት ይገኝበታል። «ቱላ ሰግላን»፣ ማለትም ዘጠኙ ቱላዎች የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች የቦረና ኑሮ ምሰሶዎች ናቸው። ሰዎች ከጥልቁ ጀምሮ በእርከን ላይ ተደርድረው፣ ውኃውን በኦኮሌ እየተቀባበሉ፣ ለከብቶቻቸው እየዘፈኑ ናኒጋ ወደሚባለው የጭቃ ገንዳ ያወጣሉ። እያንዳንዱ ጉድጓድ አባ ኮንፊ አለው፤ የዕለቱን ተራ የሚመራውም አባ ሔሬጋ ይባላል።

ተማሪዎቹ በሥራ ላይ ባለ ጉድጓድ ለሁለት ሰዓት ያህል ለመቅረጽ ፈለጉ። ከመካከላቸው የአካባቢው ተወላጅ የሆነው ተማሪ ለአባ ሔሬጋው በአፋን ኦሮሞ ጠየቀልን፤ መልሱንም ተረጎመልን። ሽማግሌው በቅንነት አዳመጡን። ከዚያም በቦና ከብት ውኃ የሚያገኘው በሦስተኛው ቀን መሆኑን ነገሩን። «ሁለት ሰዓት ብሰጣችሁ የማንን ላም ቁሚ ልበላት?» አሉ። እኔ በበኩሌ ከዚያ በኋላ ልመናውን መድገም አፈርኩ። ሽማግሌው ግን ዝም ብለው አልሰደዱንም። ውኃው ከደረቀ ዓመታት ያለፉትን አንድ አሮጌ ጉድጓድ አሳዩን፤ «እዚህ የፈለጋችሁትን ያህል ቆዩ» አሉን።

ቀረጻው ሁለት ቀን ፈጀ። የተዘጋጀው የፊልም ጽሑፍ በአጭሩ እንዲህ ነበር። ማያው ጨለማ ነው። የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ይንተባተባል፤ ይቆማል። ነፋስ። በገንዳ ጠርዝ ላይ አንድ ጣሳ፣ ከቱቦው አፍ የምትንጠባጠብ የመጨረሻ ጠብታ። በቀይ አፈር ላይ የተሰለፉ የብረት ጀሪካኖች። ወደ ሌላ ጉድጓድ የሚራመዱ የወታደር ጫማዎች። የጉድጓዱ ክዳን፤ በክዳኑ ላይ ትልቅ ቁልፍ። መክፈቻውን በወገቡ ያንጠለጠለ መኮንን፤ ፊቱ አይታይም። በመጨረሻ በሩቅ የሚመጣ የመኪና አቧራ፣ ቀጥሎ የፊልሙ ርዕስ።

ማታ በተማሪዎቹ ላፕቶፕ ላይ ያልተጠናቀቀውን ቅንብር ለአባ ሔሬጋውና ለጎረቤቶቻቸው አሳየን። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አዩት። ሁለተኛው ሲያልቅ ሁለት ነገር ጠየቁ። የመጀመሪያው፣ «የተጠማው ሰው የታለ?» የሚል ነበር። ጣሳ አሳይተናል፣ ጀሪካን አሳይተናል፣ ጫማ አሳይተናል፤ የደረቀ ከንፈር ግን አላሳየንም። ሁለተኛው የቁልፉ ነገር ነው። «ይህን ቁልፍ ያያችሁት የት ነው?» አሉ።

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቁልፉ የትም አልታየም። በአንድ ተማሪ ጭንቅላት ውስጥ የተፈጠረ ነው። መኮንኖቹ ጉድጓዱን እንደከለከሉ ይታወቃል፤ በቁልፍ ይዘጋ እንደነበር ግን የጻፈ የለም። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ተማሪ፣ «አባቴ፣ ይህ ልብ ወለድ ነው፤ ለተመልካች ቶሎ እንዲገባው ብለን ነው» አለች። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም የቦረና ጉድጓድም ማታ ማታ እንደሚዘጋ ነገሩን። የሚዘጋው በእሾህ ነው። «እሾሁ ከብት ለመከልከል ነው ልጄ፤ ሰው ለመከልከል አይደለም። ተራ ለከብት ነው። የተጠማ ሰው ተራ የለውም፤ ይጠጣል» አሉ።

በዚያ ሌሊት የተደረገው ውይይት በአማካሪነት ዘመኔ ከሰማኋቸው ሁሉ የጠነከረው ነው። ቁልፉ ይቅር የሚለው ወገን ስለ ታሪክ እውነት ተከራከረ። ቁልፉ ይኑር የሚለው ወገን ስለ ድርሰት ነፃነት። እኔ መጀመሪያ ከሁለተኛው ወገን ነበርኩ፤ ደራሲ የጽሑፍ ማስረጃ እስረኛ አይደለምና። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ግን የታሪክ ጥያቄ አልነበረም። የልብ ሰቀላው ጥያቄ ነው። ቁልፍ ያለበት ክዳን ነገሩን ያለቀለት ያደርገዋል፤ ብረቱ ከልክሏል፣ ሰው ከተጠያቂነት ወጥቷል። ክፍት ጉድጓድ አጠገብ የቆመ አንድ መኮንን ግን በማናቸውም ሰከንድ ገለል ማለት ይችላል። ተመልካቹም ገለል እንዲል ይመኛል። ገለል እንደማይል ግን ከታሪክ ያውቃል። እውነተኛው ጭንቅ ያ ነው።

በማግስቱ ቁልፉን አስወገድን። መኮንኑ በክፍቱ ጉድጓድ አፍ አጠገብ እንዲቆም ተደረገ። ከፊት ለፊቱ አንድ ወጣት ወታደር ቆመ፤ ካሜራውም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት አሳየ፤ የወታደሩን ከንፈር።

4. ስለ መስከረም 1 ቅንብር

አንድ ጥያቄ ቀረን። ከተማሪዎቹ አንዱ በጣሳውና በጀሪካኑ መካከል የመኮንኖች ግብዣ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ብርጭቆ፣ በረዶ። የደረቀ ጣሳ፣ በረዶ፤ የደረቀ ጣሳ፣ ሣቅ። ቅንብሩ ኃይለኛ እንደሚሆን አልተጠራጠርኩም። ስለ መስከረም 1 በዝርዝር የነገርኳቸው በዚህ ጊዜ ነው።

የዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1973 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ ተመልካች ሲታይ የተደበቀውን የወሎን ረሃብ ለዓለም ገለጠ። ውለታው ታላቅ ነው። ደርግ ያንን ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ ሲያሳይ ግን በመካከሉ ሌሎች ምስሎች አስገባበት፤ የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የመኳንንት ግብዣ፣ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። ረሃቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም በሆነ ቀን ተደርጓል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ በአንድ ትንፋሽ እንዲታዩ ያደረገው መቀስ ነው። ተመልካቹ የፈረደው በሁለቱ ምስሎች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ምንም ምስል አልነበረም። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ።

ይህን ስናገር ያ ቅንብር ፍጹም ሐሰት ነበር ማለቴ አይደለም። በአንድ በኩል የተራበ ሕዝብ፣ በሌላ በኩል የተደላደለ ቤተ መንግሥት መኖሩን ማን ይክዳል? የምለው፣ በሁለት ምስሎች መገናኛ የሚፈጠር ፍርድ ፈጣንና ለመመለስ የሚያስቸግር መሆኑን ነው። ቅኔያችን ሰሙንና ወርቁን በአንድ ቃል ሲያገናኝ ሰሚው ቆም ብሎ እንዲፈታው ጊዜ ይሰጠዋል። የፊልም ቅንብር ግን ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ኃላፊነቱ በቀማሚው ላይ የበለጠ ይከብዳል።

እዚህ ላይ የጄኔራል ድረሴ ጉዳይ ይመጣል። በፊልማችን መጨረሻ የሚታየው አቧራ የእሳቸው መኪና አቧራ እንዲመስል ታስቧል። ተመልካቹ ጄኔራሉ እንደሚያዙ፣ የወታደሩን ውኃ እንደሚጠጡ ያውቃል። ከዚያ ያለፈውንም ያውቃል፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት፣ በተለምዶ «ስድሳዎቹ» ከሚባሉት ባለሥልጣኖች አንዱ ነበሩ። አንዲት ተማሪ፣ «መምህር፣ ተመልካቹ በዚያች ሰከንድ የሚሠጋው ለማን እንዲሆን ነው የምንፈልገው? ለወታደሩ ወይስ ለጄኔራሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። የተጠማው ወታደር እውነት አለው። ወደ እሱ የሚመጡት ሰውም የሞታቸውን ዓመት ሳያውቁ ነው የሚመጡት። አንዱን ለመምረጥ የግብዣው ምስል ይበቃ ነበር፤ ያን ምስል ካስገባን ለጄኔራሉም ሆነ ለመኮንኖቹ የሚሠጋ አይኖርም። በዚህ ምክንያት ግብዣው ቀረ። ሐሳቡን ያቀረበው ተማሪ እስከ መጨረሻው አልተስማማም፤ አለመስማማቱን በሥራው ሪፖርት ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሰፍር አድርጌአለሁ። ምናልባት ከእኔ ይልቅ እሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። በዚያ ሰፈር መኮንንና ወታደር በአንድ ዓይነት ሳህን አለመብላታቸው የአመፁ አንዱ ምክንያት ነበርና።

መደምደሚያ

ከዚህ ሥራ የተማርኩትን በሦስት ነጥብ ልጠቅልለው። አንደኛ፣ የልብ አንጠልጣይ መክፈቻ የመደንገጥ ጥበብ ተደርጎ መታየት የለበትም። የዕውቀት ድልድል ነው፤ ስለዚህ በሥነ ጽሑፍ ክፍላችን ከንግር፣ ከአንጻርና ከምልሰት ጋር በእኩል ክብር ሊጠና ይገባዋል። ሁለተኛ፣ ታሪክን ወደ ፊልም ስንለውጥ የምንፈጥረው ትንሽ ዕቃ፣ አንድ ቁልፍ እንኳ ቢሆን፣ ማንን ተጠያቂ እንደሚያደርግና ማንን እንደሚያድን መጠየቅ አለብን። ሦስተኛ፣ የነገሌ ታሪክ እስከ ዛሬ የተነገረው በወታደርና በመንግሥት መካከል እንደተደረገ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ነው። በጦር ሰፈሩ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ግን ለውኃ የራሱ ሕግ ነበረው፤ በዚያ ሕግ የተጠማ ሰው አይከለከልም። የአብዮቱ መጀመሪያ የሆነው ክልከላ የተፈጸመው በዚህ ሕግ ምድር ላይ መሆኑን የታሪክ መጻሕፍታችን ቢያስገቡት ክስተቱን በሌላ ብርሃን እናየው ነበር።

አንድ አሳሳቢ ነገር ልጨምር። በ1966 ዓ.ም. 20 ዓመት የነበረው ወታደር ዛሬ ከ70 አልፏል። በዚያ ሰፈር የነበሩት፣ በአካባቢውም የኖሩት ሰዎች ቃላቸው ሳይመዘገብ እያለፉ ነው። ተማሪዎቻችን ካሜራ መያዝ ችለዋል፤ ድምፅ መቅዳት አይቸግራቸውም። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ልብ ወለድ ለመሥራት ሲነሡ፣ ከጎኑ የሦስት ሰዓት ምስክርነት ቀድተው እንዲመለሱ የትምህርት ክፍላችን ሥርዓት ቢያወጣ መልካም ነው እላለሁ።

የፊልሙ መክፈቻ ተጠናቆ ሲያልቅ አንድ ቅጂ ወደ አሬሮ ላክን። ጨለማው ላይ የሚሰማው ሞተር፣ የሚንተባተበውና የሚቆመው፣ በከተማው ካለ አንድ ወፍጮ ቤት የቀዳነው ነው። የአካባቢው ተወላጅ ተማሪ እንደነገረኝ፣ ሰዎቹ ገና ድምፁን እንደሰሙ ወፍጮ ቤቱን ለይተው ሣቁ። አባ ሔሬጋው ግን አልሣቁም አለኝ። ወታደሩ ፊት ላይ ሲደርስ ፊልሙን አስቁመው፣ ለልጁ ውኃ ሰጥታችሁታል ወይ ብለው ጠየቁ፤ የሚጠይቁት ስለ ተዋናዩ ነበር።